ፋይሉ የገሳይን ዳገት አያውቀውም

ጽሑፉ ረዘም ይላል። ሹፌር የሆናችሁ፣ ሹፌር ቤተሰብ ያላችሁ፣ ወይ ደግሞ አይሲቲ የምትማሩ ልጆች ግን እስከ መጨረሻው ብታነቡት አትከስሩም።

አይሲቲ ስለማስተምር ደብረ ታቦር ውስጥ "ኮምፒውተር" የሚል ስም ያለበት ነገር ሁሉ እኔን የሚመለከት የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። ስልክ ሲቆለፍ ወደ እኔ፣ ፕሪንተር ወረቀት ሲበላ ወደ እኔ፣ ሪሲቨር ቻናል ሲያጠፋ ወደ እኔ። ምንም አይደለም፣ ለምጄዋለሁ። አሁን አሁን ግን አንድ አዲስ ጥያቄ በዝቷል። "መምህር፣ የመኪናዬን ኮምፒውተር ፕሮግራም ላስደርግ ወይስ ይቅርብኝ?" ጠያቂዎቹ በአብዛኛው ከወረታ ደብረ ታቦር፣ ከደብረ ታቦር በገሳይ አድርገው ክምር ድንጋይና ነፋስ መውጫ የሚመላለሱ የናፍጣ ሚኒባስ ሹፌሮች ናቸው። ተስፋ የሚሰጣቸው ሰው አለ። "ኢጂአሩን በፋይል እንዘጋዋለን፣ ጉልበት እንጨምርለታለን፣ ናፍጣም ይቆጥብልሃል" ይላቸዋል። የሚጠየቁት ብር የእኔን የወር ደመወዝ ያስንቃል። ናፍጣ ለመቅዳት ወረፋ ለሚያድር ሰው "ይቆጥባል" የምትለዋ ቃል ብቻዋን ልብ ታሸፍታለች።

በየጊዜው በአጭሩ ከምመልስ አንድ ጊዜ በደንብ ልጻፈው ብዬ ነው። እኔ መካኒክ አይደለሁም። ኮምፒውተር ውስጥ ያለ ፋይል ምን እንደሆነ ግን አውቃለሁ፤ ነገሩ ደግሞ የፋይል ጉዳይ ነው።

ከመሠረቱ እንጀምር። ድሮ ካርቡሬተር በነበረ ጊዜ መካኒኩ ጆሮውን ወደ ሞተሩ አስጠግቶ፣ በካቻቢቴ ትንሽ ጠበቅ ትንሽ ላላ እያደረገ አየርና ቤንዚኑን ያመጣጥን ነበር። በናፍጣ ሞተር ላይም ሥራው በፖምፓው ላይ ነበር። ዛሬ ያንን የሚሠራው ኢሲዩ የሚባለው የሞተሩ ኮምፒውተር ነው። የጀርመኑ ቦሽ ኩባንያ የቤንዚኑን መጠንና የብልጭታውን ሰዓት አንድ ላይ የሚቆጣጠረውን ሞትሮኒክ የተባለ ኮምፒውተር በ1979 እ.ኤ.አ. በቢኤምደብሊው መኪና ላይ ገጠመ። ከዚያ ወዲህ ነገሩ እየሰፋ ሄዶ ዛሬ ከተማ ውስጥ የምናያቸው አብዛኞቹ ሚኒባሶችና ፒካፖች ያለዚህ ሳጥን አይነሱም።

ሳጥኑ ውስጥ ያለው ፋይል ሁለት ነገር ይዟል። አንደኛው ቁጥር ነው፤ ሁለተኛው ትእዛዝ ነው። ይህን ለተማሪዎቼ የማስረዳው በሮስተር ነው። መምህራን ታውቁታላችሁ። ሮስተር ላይ የተማሪ ስም፣ በየትምህርቱ ያገኘው ማርክ፣ ድምርና አማካይ አለ። ከሮስተሩ ውጭ ደግሞ ሕግ አለ፤ "አማካዩ ከ50 በታች የሆነ ይደግማል" የሚል። የኢሲዩ ፋይልም እንደዚሁ ነው። በዚህ ዙርና በዚህ የነዳጅ መርገጫ ልክ ይህን ያህል ናፍጣ ርጭ የሚሉ በመቶና በሺህ የሚቆጠሩ ቁጥሮች በሰንጠረዥ ተደርድረዋል፤ እነሱ ማርኩ ናቸው። ሰንጠረዡን አንብቦ የሚወስነው ፕሮግራም ደግሞ ሕጉ ነው።

"ቱኒንግ" ሲሉ የምትሰሙት በአብዛኛው ማርኩን መቀየር ነው። "ፓች" የሚባለው ግን ሕጉን ራሱ መቀየር ነው። ኮዱ ውስጥ ገብቶ "ይህን ዳሳሽ አትመልከት"፣ "ይህን መብራት አታብራ"፣ "ይህን ገደብ እለፈው" ብሎ መጻፍ። ቃሉ በአማርኛ ቢተረጎም መጣፍ ነው፤ ልብስ እንደምንጥፈው። ጥሩ ጣፊ ጨርቁን ከጨርቁ፣ ክሩን ከክሩ ያመሳስላል። ክፉ ጣፊ ደግሞ አዲስ ቁራጭ ባረጀ ቀሚስ ላይ ይሰፋና ቀሚሱን ይበልጥ ይቀደዋል።

ፓች ፋይል እንዴት እንደሚሠራ ልንገራችሁ፤ አስማት የለበትም። አንድ ፓች ሦስት ነገር ይናገራል። የትኛው አድራሻ ላይ፣ አሁን እዚያ ምን ተጽፏል፣ በምን ይተካ። በሮስተር ቋንቋ "ገጽ 3፣ ተራ ቁጥር 17፣ አሁን 46 ይላል፣ 64 አድርገው" እንደማለት ነው። ከሦስቱ ወሳኙ መካከለኛው ነው። ጠንቃቃ ፕሮግራም መጀመሪያ ያንን ቦታ ያነባል። የሚጠብቀው 46 ከሌለ እጁን ይሰበስባል። ምክንያቱም የተሳሳተ ሮስተር ላይ ነው ያለው ማለት ነው። የ10ሀ ክፍል ማስተካከያ በ10ለ ሮስተር ላይ ቢጻፍ ምን ይሆናል? ተራ ቁጥር 17 ላይ ያለው ሌላ ልጅ ነው። የማያውቀው ማርክ ይለጠፍበታል።

መኪና ላይ ይህ ቀልድ አይደለም። ሁለት ሚኒባሶች በሞዴል አንድ፣ በሞተር አንድ፣ በቀለም እንኳ አንድ ሆነው የኢሲዩ ሶፍትዌራቸው ቁጥር ሊለያይ ይችላል። ለየአገሩ ገበያ፣ ለየዓመቱ ምርት እየተስተካከለ ስለሚወጣ። ቁጥሩ ሲለያይ አድራሻው ይንሸራተታል። ለአንዱ የተጻፈው ፓች ሌላኛው ላይ ሲጫን የሚያርፈው ያልታሰበበት ቦታ ነው። "ይሄ ፋይል ለዚህ መኪና ይሆናል፣ ብዙ ሰው ጭኖታል" የሚል መልስ ለዚህ ነው የማይበቃው። የሞዴሉ ስም አይደለም የሚጠየቀው፤ የሶፍትዌሩ ቁጥር ነው።

ደግሞ ድምር አለ። ማርክ ቀይራችሁ ድምሩን ሳትቀይሩ ብትተዉት ሬከርድ ኦፊሰሩ ወዲያው ይይዛችኋል። ኢሲዩም እንዲህ ያለ ድምር አለው፤ ቼክሰም ይባላል። በፋይሉ ውስጥ ያሉትን ቁጥሮች በተወሰነ ስሌት ደምሮ ከተጻፈው ድምር ጋር ያስተያያል። ካልገጠመ ብዙውን ጊዜ ሞተሩን አላስነሳም ይላል ወይ ስህተት መዝግቦ መብራት ያበራል። ስለዚህ ፓች የሚጭን ሰው መጨረሻ ላይ ድምሩን እንደገና ያሰላል፤ ዛሬ ይህን በራሳቸው የሚሠሩ ፕሮግራሞች አሉ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ድምሩ ገጠመ ማለት ማርኩ ትክክል ነው ማለት አይደለም። የተሳሳተ ማርክም በትክክል ይደመራል። "ቼክሰሙ ተስተካክሏል፣ መኪናው ተነስቷል፣ ስለዚህ ሥራው ጥሩ ነው" የሚላችሁ ሰው እየነገራችሁ ያለው የመደመሩን ትክክለኛነት ብቻ ነው።

ፓች በጥንቃቄ ሲሠራ ምን ያህል የሚያስደንቅ ሥራ እንደሆነም ማወቅ ጥሩ ነው። አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ፤ የሒሳብ ፍቅር ያለባችሁ ተማሪዎቼ ይህን ትወዱታላችሁ። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ አካባቢ የወጡ የፎልክስዋገንና የአውዲ የቤንዚን ቱርቦ መኪናዎች ኤምኢ7 የሚባል የቦሽ ኢሲዩ ነበራቸው። የአየር ግፊትን የሚመዘግበው በሁለት ባይት ነው። ሁለት ባይት 65,536 የተለያዩ ቁጥሮችን ብቻ ይይዛል። እያንዳንዷ ቁጥር 0.039 ሚሊባር ገደማ ስለምትወክል ኮምፒውተሩ ሊያስበው የሚችለው ትልቁ ግፊት 2,560 ሚሊባር ነው። ከዚያ በላይ ያለ ግፊት ለእሱ በዓለም ላይ የለም። ትልቅ ቱርቦ የገጠሙ ሰዎች ግድግዳው ጋ ደረሱና ተጋጩ።

መፍትሔው እያንዳንዷ ቁጥር እጥፍ እንድትወክል ማድረግ ሆነ፤ ያኔ ጣሪያው 5,120 ይደርሳል። ሲሰሙት ቀላል ነው። ግን አስቡት፤ ትምህርት ቤቱ "ከዛሬ ጀምሮ ማርክ ከ100 መሆኑ ቀርቶ ከ50 ይሆናል" ብሎ ቢያውጅ በየመምህሩ እጅ ያለ ማርክ ሁሉ በሁለት መካፈል አለበት። አንድ መምህር ሳይሰማ ቀርቶ ከ100 ያረመውን ቢያመጣ የእሱ ትምህርት ብቻውን ልጁን ከክፍሉ አንደኛ ያወጣዋል። ፓቹም እንደዚያ ነው። ግፊትን የሚነካ እያንዳንዱ ሰንጠረዥ መከፈል፣ ግፊትን የሚያሰላ እያንዳንዱ የኮድ መስመር መስተካከል አለበት። አንዲት ቦታ ብትረሳ ኮምፒውተሩ እዚያች ቦታ ላይ እውነቱን በተዛባ ዓይን ያያል። ይህን የሠሩ ሰዎች ኮዱን መስመር በመስመር አንብበው፣ እየጻፉ፣ እየሞከሩ፣ እየመለሱ ነው የሠሩት። ሥራውን አከብረዋለሁ። ችግሬ ያንን ድካም ሳይደክሙ ፍሬውን በፍላሽ ይዘው ከሚዞሩት ጋር ነው።

አሁን ወደ አገራችን እንምጣ፤ ዋናው ነገር ያለው እዚህ ነው።

ባሕር ጠለል ላይ የአየሩ ግፊት 1,013 ሚሊባር ገደማ ነው። ወረታ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ ግፊቱ ወደ 815 ይወርዳል። ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ገደማ ናት፤ ወደ 728 ይወርዳል። ነፋስ መውጫ ስትደርሱ 3,100 ሜትር አካባቢ ናችሁ፤ ከ700 በታች ነው። በሌላ አነጋገር ከወረታ ተነስቶ ገሳይን አልፎ በጉና ትከሻ ወደ ጋይንት የሚወጣ ሚኒባስ፣ ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚሄድ ወንድሙ ጋር ሲነጻጸር ወደ ሰባ ከመቶ ባነሰ አየር ነው የሚተነፍሰው። ከቆላ የመጣ እንግዳ የጉናን ነፋስ ሲቀምስ ሁለት እርምጃ ሄዶ እንደሚቆመው ማለት ነው።

ቱርቦ የተፈጠረው ይህን ጉድለት ለመሙላት ነው። የጭሱን ጉልበት ተጠቅሞ ይሽከረከርና አየር እየጨመቀ ለሞተሩ ያጎርሰዋል። ነገር ግን ነጻ ነገር የለም። ኮምፒውተሩ "2,000 ሚሊባር አምጣልኝ" ቢለው ቱርቦው ባሕር ጠለል ላይ አየሩን ሁለት እጥፍ ገደማ መጭመቅ ይበቃዋል። ደብረ ታቦር ላይ ያንኑ 2,000 ለማምጣት ወደ 2.7 እጥፍ መጭመቅ አለበት፤ ነፋስ መውጫ ላይ ደግሞ ወደ 2.9። ስለዚህ ቱርቦው በጣም በፍጥነት መሽከርከር ይኖርበታል። ቱርቦ በደህናው ቀን እንኳ በደቂቃ ከመቶ ሺህ ዙር በላይ የሚሽከረከር ዕቃ ነው። ከልኩ ካለፈ ዘንጉ ይበላል፣ ምላጩ ይሰበራል፣ ስብርባሪው ወደ ሞተሩ ይገባል።

የፋብሪካው መሐንዲሶች ይህን ስለሚያውቁ ነው በብዙ ቱርቦ ያላቸው የናፍጣ ሞተሮች ፋይል ውስጥ የከፍታ ሰንጠረዥ ያስቀመጡት። ኢሲዩው የውጭውን አየር ግፊት ይለካል፤ አየሩ ሲሳሳ ከቱርቦው የሚጠይቀውን ይቀንሳል። ከዚያ ጋር የናፍጣውንም መጠን ይቀንሳል፤ አየር ያላገኘ ናፍጣ ጥቁር ጭስ ሆኖ ስለሚወጣና የጭሱም ሙቀት ስለሚጨምር። እንግዲህ ሹፌሮቻችን "መኪናው ዳገት ላይ ከበደው፣ ጉልበት አጣ" የሚሉት ከፊሉ ይኸው ነው። ሞተሩ ራሱን እየጠበቀ ነው። ሰነፍ ሆኖ አይደለም።

ከኢንተርኔት ወርዶ በፍላሽ የሚዞረው "ጉልበት ጨማሪ" ፋይል ብዙውን ጊዜ የተሠራው የት ነው? አየሩ ወፍራም በሆነበት ሜዳ አገር ነው። ያ ሰው ፋይሉን ሲያዘጋጅ ገደቦቹን ከፍ አድርጓል፤ ጭስ የሚገድበውን ሰንጠረዥ፣ የግፊቱን፣ አንዳንዴም የከፍታውን። እሱ ያለበት አገር 2,700 ሜትር ላይ የሚነዳ ሰው ስለሌለ የከፍታው ሰንጠረዥ ምን እንደሆነ እንኳ ላያስጨንቀው ይችላል። ነድቶ አይቶታል፤ ሠርቷል። አልዋሸም። ፋይሉ ግን የገሳይን ዳገት አያውቀውም።

ይህን በወሬ ብቻ አይደለም የምጽፈው። ሠፈራችን ያለ አንድ አባት ሚኒባሱን የገዛው በዕቁብና በዘመድ ብድር ነው። ሌላ ከተማ ሄዶ ፋይል አስጫነ። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ደስታው ሌላ ነበር፤ ሙሉ ሰው ጭኖ ዳገቱን በሦስተኛ ማርሽ ይወጣዋል ተባለ። ጥቁር ጭሱን ግን ሁላችንም እናይ ነበር፤ ከበስተኋላው የሚሄድ ሰው አፍንጫውን በነጠላ ይይዛል። ከዚያ አንድ ቀን ከገሳይ ከፍ ብሎ ቱርቦው ጮኸ፣ ከዚያ ዝም አለ። ሞተሩ ሲከፈት ፒስተንም ተጎድቶ ተገኘ። ሥራውን የሠራለት ጋራዥ የሰጠው መልስ "ፋይሉ ችግር የለበትም፣ ዱባይ ላይ በዚሁ ነው የሚነዳው" የሚል ነበር። ዱባይ ባሕር ዳርቻ ናት።

ዋናውን ፋይል ስጡኝ፣ ወደ ነበረበት ልመልሰው ቢል አላስቀመጡትም። መኪናው ወራት ቆመ። ዕቁቡ ግን አይቆምም። የበኩር ልጁ የ11ኛ ክፍል ተማሪዬ ነበር፤ ሒሳብ ላይ ጎበዝ፣ ዝምተኛ ልጅ። ሁለተኛው ሴሚስተር ላይ መቅረት አበዛ። ከዚያ ወረታ መናኸሪያ ሌላ ሰው መኪና ላይ ረዳት ሆኖ "ደብረ ታቦር! ደብረ ታቦር!" ሲጣራ አገኘሁት። ሲያየኝ ፊቱን ወደ ሌላ አዞረ። እኔም እንዳላየሁ ሆኜ ከኋላ ወንበር ተቀመጥኩ። ሂሳብ ሲሰበስብ ከእኔ አልቀበልም አለ።

የፓች ነገር ለእኔ የቴክኖሎጂ ወሬ ብቻ ያልሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ሁለት ባይት የሚያህል ነገር የት እንዳረፈ ባለመታወቁ አንድ ወንበር ክፍል ውስጥ ባዶ ሆነ።

ሌላም ታሪክ አለኝ፤ ደግነቱ ይኼኛው ጥሩ ነው። የአክስቴ ልጅ፣ በዕድሜ ስለሚበልጠኝ ጋሼ የምለው፣ እሱም በዚሁ መስመር ይሠራል። መንገድ ሲዘጋ ቆሞ የከረመውን መኪና እንዳስነሳ ዳገት እምቢ አለው።

"መምህር፣ ላንተ ልንገርህ ብዬ ነው እንጂ ብሩን ነገ ልልክላቸው ነበር" አለኝ በስልክ።

"ጋሼ፣ ድሮ ይወጣው አልነበር እንዴ? ያው ፋይል አይደል ውስጡ ያለው?" አልኩት።

ዝም አለ። ከዚያ "እሱስ ልክ ነህ" አለ።

ነገሩ ይኸው ነው። ትናንት በዚያው ፋይል ዳገቱን የወጣ መኪና ዛሬ ካልወጣ የተለወጠው ፋይሉ አይደለም። ባሕር ዳር ጋራዥ የሚሠራ የቀድሞ ተማሪዬ ጋ ላክሁት። ልጁ ላፕቶፑን ሰክቶ ፋይል አልቀየረም፤ አነበበ ብቻ። ኮምፒውተሩ ከቱርቦው የሚጠይቀው ግፊትና ቱርቦው የሚሰጠው ግፊት እየተራራቁ ነበር። "ቲቸር፣ የሆነ ቦታ አየር ያፈሳል" ብሎ ደወለልኝ። ከቱርቦው ወደ ሞተሩ አየር የሚያደርሰው የጎማ ቱቦ ማሰሪያው ስር ተሰንጥቆ ኖሮ የሳሙና ውሃ ሲቀቡት አረፋ ሠራ። ቱቦው ተቀየረ፤ ጋሼ በዚያው ቀን ማታ ደብረ ታቦር ገባ። ያ "ጉልበት ጨማሪ" ፋይል በላዩ ተጭኖበት ቢሆን ኖሮ ቱርቦው የሚያፈስ ቱቦ ለመሙላት ይበልጥ እየሮጠ ዕድሜውን ይጨርስ ነበር።

"እንግዲያው ኢሲዩ መንካት ክልክል ይሁን ነው የምትለው?" ብላችሁ ትጠይቁኝ ይሆናል። አይደለም። እንዲያውም ተቃራኒውን ነው የማስበው።

የ2015 እ.ኤ.አ. የፎልክስዋገንን ጉድ የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። በመስከረም ወር የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ኩባንያው በናፍጣ መኪናዎቹ ኮድ ውስጥ ማታለያ እንዳስገባ ይፋ አደረገ። መኪናው በምርመራ ላይ መሆኑን ሲያውቅ ጭሱን ያጸዳል፣ መንገድ ላይ ሲወጣ ይተወዋል። በዓለም ዙሪያ 11 ሚሊዮን ገደማ መኪና ነበረበት። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ ፊሊክስ ዶምከ የሚባል ጀርመናዊ ሐምቡርግ ላይ በተደረገ የኮምፒውተር ባለሙያዎች ጉባኤ ቀርቦ የገዛ መኪናውን ዓይነት ኢሲዩ ከፍቶ፣ ኮዱን አንብቦ፣ ማታለያው የት እንዳለና እንዴት እንደሚሠራ አሳየ። አንድ ሰው፣ አንድ ሳጥን፣ ብዙ ትዕግሥት። የኩባንያው መፍትሔም በአብዛኛው ሶፍትዌር መቀየር ነበር። ማታለያውም ኮድ፣ መድኃኒቱም ኮድ። ልዩነቱ የመኪናው ባለቤትና ከመኪናው ኋላ የሚሄደው ሰው ምን እንደተደረገ ማወቃቸው ላይ ነው።

ኢጂአሩን ዘግቶ፣ መብራቱ እንዳይበራ አድርጎ የሚሸኛችሁ ሰው ያንኑ የፎልክስዋገንን ሥራ በትንሹ እየሠራ ነው። ጭሱ አልቀረም፤ ጭሱን የሚናገረው አፍ ነው የተዘጋው። ጭሱን የሚስበው ደግሞ ጠዋት ጠዋት በመንገዱ ዳር ደብተር ይዞ በእግሩ የሚመጣው ተማሪ ነው።

እኛ የደብረ ታቦር ሰዎች የማሽን ነገር አያስፈራንም፤ ጋፋት ቅርባችን ነው። አፄ ቴዎድሮስ እዚያ የሰበሰቧቸው አውሮፓውያን በሙያቸው መድፍ ሠሪ አልነበሩም፤ ብዙዎቹ ከባዝል አካባቢ የመጡ የሚስዮን የእጅ ባለሙያዎች ነበሩ። ግን ሞክረው፣ አልሳካ ሲላቸው እንደገና ሞክረው ሴባስቶፖልን አቀለጡ። ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነው መድፍ በ1860 ዓ.ም. ጥቅምት ገደማ ከደብረ ታቦር ተነስቶ፣ መንገድ እየተቆረጠለት፣ ሰው እየጎተተው መጋቢት ላይ መቅደላ ደረሰ። ስለ ጋፋት ስናወራ ኩራቱን እንጂ ይህን አናነሳም፤ እዚያ የነበረው ሥራ እያንዳንዱን ነገር በገዛ እጅ፣ በገዛ እሳት፣ ስህተቱን እያዩ መማር ነበር። ካለበት አንስቶ መለጠፍ አልነበረም።

ጉዳዩ ወደፊትም አይቀርልንም። መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም. ከኤሌክትሪክ መኪና ውጭ ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑን ሲያሳውቅ ብዙ ሰው ስለ ባትሪ ነበር ያወራው። እኔ የታየኝ ሌላ ነው። አዲስ የናፍጣ ሚኒባስ ካልገባ ያለው እየተጠገነ፣ እየተጣፈ ለዓመታት መኖሩ ነው። ፓች የሚሸጥ ሰው ይበዛል። ኤሌክትሪኩ መኪናም ቢሆን ከናፍጣው የባሰ ኮምፒውተር ነው። ስለዚህ ይህን እውቀት ወይ በደንብ እንይዘዋለን፣ ወይ በፍላሽ እየመጣ ይይዘናል።

እስከዚያው ግን "ፕሮግራም ላስደርግ" የምትሉ ወንድሞች፣ ብር ከመክፈላችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ።

አንደኛ፣ መጀመሪያ ሞተሩ ይታይ። አየር ማጣሪያ፣ ቱቦ፣ ኢንጀክተር፣ ዳሳሽ። ፋይል የተቀደደ ቱቦ አይሰፋም።

ሁለተኛ፣ ምንም ነገር ከመጻፉ በፊት የመኪናችሁን ዋና ፋይል አንብቦ ግልባጩን በፍላሽ ይስጣችሁ። የእናንተ ንብረት ነው። እንደ መኪናው ሊብሬ ቤታችሁ አስቀምጡት። "አንብቤ ማውጣት አልችልም፣ መጻፍ ብቻ ነው የምችለው" ካላችሁ ሰላም ብላችሁ ውጡ።

ሦስተኛ፣ አዲሱ ፋይል ወይም ፓቹ ከእናንተ ኢሲዩ ሶፍትዌር ቁጥር ጋር አንድ ነው ወይ? ቁጥሩን ጎን ለጎን ያሳያችሁ። ለማየት ኮምፒውተር ማወቅ አያስፈልግም፤ የስልክ ቁጥር እንደማስተያየት ነው።

አራተኛ፣ ምን ምን ቀየርክ በሉት። የሚያውቅ ሰው ቆጥሮ ይነግራችኋል። "ሁሉንም አስተካክዬዋለሁ" የሚል ሰው አላወቀውም።

አምስተኛ፣ "የከፍታውን ገደብ ነክተኸዋል?" በሉት። እኛ የምንነዳው ከ2,700 ሜትር በላይ ነው በሉት። ጥያቄው ግራ ካጋባው መልሱን አግኝታችኋል።

ስድስተኛ፣ ሲጻፍ መብራት ቢጠፋስ? ኢሲዩ ላይ እየተጻፈ መሃል ላይ ኃይል ከተቋረጠ ሳጥኑ ግማሽ ሰው ሆኖ ሊቀር ይችላል። የመኪናው ባትሪ ደህና መሆኑ፣ ደጋፊ ቻርጀር መኖሩ፣ የላፕቶፑም ባትሪ መሙላቱ ይረጋገጥ። እኛ አገር ይህ ተራ ነገር አይደለም።

ለተማሪዎቼ ደግሞ፦ ይህ ሥራ እንጀራ ይሆናል። ባይነሪ ምን ይጠቅመናል ብላችሁ ክፍል ውስጥ ስትጠይቁኝ የነበራችሁ ልጆች፣ ይኸውላችሁ። ከ0 እስከ 65,535 የሚለው ነገር ፈተና ላይ ለመምጣት ብቻ አይደለም፤ የአንድ ሰው ቱርቦ ዕድሜ ውስጥ ይገባል። ግን ስትማሩት ከማንበብ ጀምሩ። መጻፍ ኋላ ይደርሳል። ባሕር ዳር ያለው ልጅ የጋሼን መኪና ያዳነው ምንም ሳይጽፍ ነው።

የዚያ አባት ሚኒባስ ቱርቦው ተቀይሮ፣ ሞተሩ ተሠርቶ እንደገና መንገድ ላይ ወጥቷል። ልጁ ግን እስካሁን አልተመለሰም። በመስከረም ምዝገባ ሲጀመር ስሙን ሮስተሬ ላይ ለማስገባት ቦታ ትቼለታለሁ። መናኸሪያ የምታገኙት ሰዎች ካላችሁ መምህርህ ይፈልግሃል በሉልኝ።